የሰብል ነፍሳት ተባዮችን በአፋቸው፣ በአስተዳደጋቸውና በእግራቸው መለየት

ለአርሶ አደሮችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



ባለፉት ሁለት ቀናት ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ተነጋግረናል። ዛሬ የምናየው የሰብል ነፍሳት ተባዮችን ለይቶ ማወቅን ነው። በብድር የተገዛ ማዳበሪያ፣ ተራ ተጠብቆ የመጣ ምርጥ ዘር፣ በሬ ያደከመ እርሻ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በትል ሊበላ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የምነግራችሁ ሌላ ነገር ነው። ከትሉ ጋር አብሮ ሌላ ገንዘብም ይባክናል። እሱም ያለ ቦታው የተረጨው መድኃኒት ዋጋ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። ከምከታተላቸው ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖሩ አንድ አባት ባቄላቸውን ክሽክሽ ወረረው። ገበያ ወጥተው «የባቄላ ተባይ መድኃኒት ስጠኝ» አሉ። ሻጩም ማንኮዜብ ሰጣቸው። በሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ረጩ። ክሽክሹ ግን ባሰበት። ማንኮዜብ የፈንገስ በሽታ መከላከያ ነው፤ ክሽክሽ ላይ ቢፈስስ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። ሻጩን ብቻ መውቀስ አይበቃም። በእኛ በግብርናው ቋንቋ «ተባይ» የሚለው ቃል ነፍሳትን፣ በሽታን፣ አረምን፣ አይጥን፣ ግሪሳ ወፍን ሁሉ ይጠቀልላል። ስለዚህ «የተባይ መድኃኒት» ብሎ መጠየቅ ሐኪም ቤት ገብቶ «የሕመም መድኃኒት ስጡኝ» እንደማለት ነው። ሕመሙ የሆድ ይሁን የዓይን ሳይታወቅ ምን ይሰጣል?

በዛሬው ሥልጠና የላቲን ስም አላስጠናችሁም። በዓለም ላይ በሳይንስ የተመዘገቡት የነፍሳት ዓይነቶች ከአንድ ሚሊዮን ያህል አያንሱም፤ እኔም አላውቃቸውም፣ እናንተም አያስፈልጓችሁም። የሚያስፈልጋችሁ ማሳ ላይ ቆማችሁ የምትጠይቋቸው ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። ነፍሳት ነው ወይስ አይደለም? በምን ዓይነት አፍ ይበላል? እንዴት ያድጋል? ቀን የት ይውላል? እነዚህን የመለሰ ሰው የተባዩን ስም ባያውቅ እንኳ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

ነፍሳት ነው ወይስ አይደለም?

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ያደገ ነፍሳት ስድስት እግር አለው። አካሉ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ራሱ ላይ ሁለት አንቴና አለው፤ አብዛኛውም ክንፍ ያወጣል። ስምንት እግር ካለው ሸረሪት ወይም የሸረሪት ዘመድ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በመስኖ ቲማቲም የምታመርቱ ቀይ ሸረሪትን ታውቁታላችሁ። ከቅጠሉ ሥር ደቃቅ ድር ያደራል፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ እየመሰለ ይገረጣል፣ ኋላም ይደርቃል። ስምንት እግር ያለው ስለሆነ ብዙዎቹ ፀረ-ነፍሳት ኬሚካሎች አይነኩትም። እንዲያውም እሱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ስለሚጨርሱለት ከርጭቱ በኋላ ይበልጥ ሲበዛ ይታያል። ለእሱ የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ። ስለዚህ እግር ቁጠሩ። ዓይን ከደከመ ልጆቻችሁን አስቆጥሩ፤ ተማሪዎች ይህን ሥራ ይወዱታል።

አፉን እዩ

ለመድኃኒት ምርጫ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ጥያቄ ነው። የሰብል ነፍሳት ተባዮች በአፋቸው በሁለት ትላልቅ ወገን ይከፈላሉ፤ ቆርጠው የሚያኝኩና ወግተው የሚመጡ።

የሚያኝኩት እንደ መቀስ የሚገጥም ጠንካራ መንጋጋ አላቸው። አንበጣ፣ ፌንጣ፣ ደገዛ፣ የእሳት እራትና የቢራቢሮ ትሎች፣ ጥንዚዛ፣ ነቀዝ፣ ምስጥ ከዚህ ወገን ናቸው። የበሉበት ቦታ ይጎድላል። ቅጠሉ ይበሳል፣ ዳሩ ይሸራረፋል፣ አገዳው ይቦረቦራል፣ ቡቃያው ይቆረጣል። ተባዩ ከቦታው ቢጠፋ እንኳ የበላበትና ኩሱ ይመሰክርበታል።

የሚመጡት ወገኖች ደግሞ አፋቸው እንደ መርፌ ቀጭን ነው። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ቅጠል ላይ የሚፈናጠሩት ትናንሽ አረንጓዴ ነፍሳት፣ የተለያዩ ትኋን መሰል ነፍሳት እዚህ ይገባሉ። እነዚህ ከቅጠሉ ቆርሰው የሚወስዱት ነገር የለም። ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይጠቀለላል፣ ይኮማተራል፣ ይቢጫል፤ ለጋው ይጫጫል። የሚጠጡት ፈሳሽ ስኳር ስለሚበዛበት ትርፉን ያፈስሱታል፤ ቅጠሉ እንደ ማር ይጣበቃል፣ ከዚያም ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ይወጣበታል። ጉንዳን በባቄላ ግንድ ላይ ሲመላለስ ካያችሁ ቅጠሉን ገልብጡ፤ ጉንዳኑ ያንን ጣፋጭ ፈልጎ ነው የሚወጣው። ጉንዳኑን መግደል ትርፍ የለውም።

ክሽክሽን የተመለከተ ሰው «ትናንት አልነበረም፣ ዛሬ ማሳው ጠቆረ» ይላል። እውነቱን ነው ማለት ይቻላል። የክሽክሽ እናት ወንድ ሳያስፈልጋት፣ እንቁላልም ሳትጥል፣ ሕያው ልጅ ትወልዳለች። ልጅቱም በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ራሷ ወላድ ትሆናለች። ስለዚህ የማሳው ዳር ላይ ጥቂት ተክል ተይዞ ሲታይ ነው መድረስ ያለብን። ሁሉም ጋ ከተዳረሰ በኋላ የሚደረግ ርጭት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሚመጥ ነፍሳት አፉ መርፌ ነውና የቫይረስ በሽታ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ያስተላልፋል። የድንች፣ የበርበሬና የቲማቲም ቅጠል ኮማታሪ በሽታዎች ብዙዎቹ በክሽክሽና በነጭ ዝንብ የሚዛመቱ ናቸው። አንዴ ቫይረስ የገባበትን ተክል የሚፈውስ ርጭት የለም፤ ነቅሎ ማስወገድ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ቅጠል ላይ ተረጭቶ ከላይ የሚቀር መድኃኒት ለሚያኝክ ተባይ ይሠራል፤ ቅጠሉን ሲበላ መርዙንም አብሮ ይበላልና፣ ወይም ሲሄድበት ይነካዋልና። የሚመጠው ግን መርፌውን ከቅጠሉ ውስጥ ስለሚያስገባ ከላይ ያለው መርዝ ሆዱ አይገባም፤ ደግሞም ከቅጠሉ ሥር ስለሚደበቅ ርጭቱ አያገኘውም። ለእሱ የሚበጀው እንደ ዳይሜቶየት ያለ ከተክሉ ፈሳሽ ጋር ተዋህዶ የሚዘዋወር መድኃኒት ነው፤ ወይም ርጭቱ ከቅጠሉ ሥር ሽቅብ መሆን አለበት። ተክሉ ውስጥ የገባ መድኃኒት ግን ቶሎ ስለማይወጣ በጎመንና በሰላጣ ላይ ከባድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከርጭት እስከ ለቀማ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት መያዣው ላይ ተጽፏል፤ አስነብቡት። ለገበያ የሚወጣው ጎመን የሌላ ሰው ልጅ ምሳ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ስንዴና ጤፍ ላይ 2,4-ዲ የተረጨበትን መርጫ ሳያጥቡ ወስደው ባቄላ ላይ ፀረ-ነፍሳት የሚረጩ አሉ። 2,4-ዲ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ የሚገድል የአረም መድኃኒት ነው። ባቄላ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ነው። ክሽክሹም ባቄላውም አብረው ይሄዳሉ። ከተቻለ ለአረም መድኃኒት የተለየ መርጫ ይኑር።

ሁለቱም ወገን ውስጥ በደንብ የማይገባ አንድ አለ፤ የሽንኩርት ትሪፕስ። ከቁንጫ ያነሰ ቀጭን ነፍሳት ሲሆን ቅጠሉን ፍቆ የሚወጣውን ፈሳሽ ይመጣል። የሽንኩርቱ ቅጠል ብር የመሰለ ጭረት ካለበት መሃሉን ፈልቅቃችሁ እዩ፤ እዚያ ታገኙታላችሁ። የፎገራና የቆቦ ሽንኩርት አምራቾች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

አስተዳደጉን እዩ

በአስተዳደግም ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ልጁ እናቱን የሚመስል ነው። አንበጣ፣ ፌንጣ፣ ደገዛ፣ ክሽክሽ እንዲህ ናቸው። ከእንቁላል የወጣው ልጅ መልኩ እንደ ወላጁ ነው፣ የሚበላውም ያንኑ ነው፤ ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል። ከጎደለው ዋናው ክንፍ ነው። የአንበጣን ልጅ ኩብኩባ እንለዋለን። ኩብኩባ ይዘላል እንጂ አይበርም። አንበጣን ድል ማድረግ የሚቻለው በዚህ ጊዜ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ መንጋው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መንጋ ውስጥም ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ይገኛል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ወሎ ላይ የደረሰውን ያየ ሰው ጅራፍ ማጮህና ቆርቆሮ መምታት የት ድረስ እንደሚያስኬድ ያውቃል። አንበጣን ከጎረቤት ማሳ ያባርሩታል እንጂ በዚያ አይገድሉትም። ስለዚህ ማንም ሰው እረኛም ቢሆን መሬት ላይ ተሰብስቦ የሚዘል ኩብኩባ ካየ በዚያው ቀን ለቀበሌ ይንገር።

ደገዛ የሰሜን ሸዋና የወሎ ሰው የሚያውቀው ነው። ክንፉ ለመብረር አይበቃም፤ እየሄደና እየዘለለ ነው ከዳር ወደ መሃል የሚገባው። የጤፍና የማሽላ እሸት ይወዳል። እንቁላሉን በመሬት ውስጥ ይጥላልና ከአጨዳ በኋላ ቶሎ ማረስ እንቁላሉን ለፀሐይና ለወፍ ያጋልጣል። የማይበር ተባይ ስለሆነ ደግሞ ሲገባ የማሳውን ዳር ዙሪያ ብቻ መከላከል ይበቃል፤ ሙሉ ማሳ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ወገን ልጁ ከወላጁ ፈጽሞ የማይመሳሰል ነው። እንቁላል፣ ትል፣ ሙሽ፣ ከዚያም የሚበር ጎልማሳ። በአራት ዕድሜ ያልፋል ማለት ነው። ሙሽ የምንለው ሳይበላ፣ ሳይንቀሳቀስ፣ ቡናማ ልባስ ውስጥ የሚተኛበት ጊዜ ነው። የእሳት እራት፣ ቢራቢሮ፣ ጥንዚዛ፣ ዝንብ፣ ንብ ሁሉ እንዲህ ያድጋሉ። በዚህ ወገን በሰብል ላይ ጉዳት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ትሉ ነው። ማታ በኩራዝ ዙሪያ የምትዞረው የእሳት እራት አፏ ቅጠል አይቆርጥም። ነገር ግን ዛሬ የእሳት እራት በብዛት ካያችሁ ትሉ በቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ በድንገት ሲጠፋም «ሄደ» አትበሉ፤ መሬት ውስጥ ገብቶ ሙሽ ሆኖ ተኝቷል፣ ተመልሶ ይመጣል።

ትሉን ገልብጣችሁ እግሩን ቁጠሩ

«ትል በላብኝ» የሚል ሪፖርት በየሳምንቱ ይደርሰኛል። የምን ትል? ትል ስም አይደለም፣ ዕድሜ ነው። የየትኛው ነፍሳት ልጅ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ትሉን መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ገልብጡት።

ከፊት ስድስት ሹል እግር፣ ከኋላም ደግሞ ለስላሳ ድጋፍ የሚመስሉ ተጨማሪ እግሮች ካሉት የእሳት እራት ወይም የቢራቢሮ ትል ነው። ተምች፣ አገዳ ቆርቁር፣ የሽምብራ ጓይ ትል፣ ቆራጭ ትል፣ ቀይ የጤፍ ትል ከዚህ ናቸው።

ከፊት ስድስት እግር ብቻ ካለው የጥንዚዛ ልጅ ነው። በእበት ክምርና በማሳ አፈር ውስጥ የምታገኙት ወፍራም ነጭ፣ እንደ ማጭድ የታጠፈው ትል ምሳሌ ነው። ሥር ይበላል። ከላይ መርጨት አያገኘውም።

እግር ፈጽሞ ከሌለው፣ ራሱም ተለይቶ ካልታየ የዝንብ ልጅ ነው። የማሽላ ቡቃያ መሃሉ ሲደርቅ ሳብ አድርጋችሁ ንቀሉት። በቀላሉ ከወጣና ሥሩ ከበሰበሰ በውስጡ ፈልጉ። እግር አልባ ትንሽ ነጭ ትል ካገኛችሁ የማሽላ ዝንብ ነው፤ እግር ያለው ካገኛችሁ ደግሞ አገዳ ቆርቁር ነው። ሁለቱም መሃሉን ያደርቃሉ፣ መፍትሔያቸው ግን ይለያያል። የማሽላ ዝንብ የሚጎዳው ለጋ ቡቃያን ስለሆነ ከጎረቤት ዘግይቶ የዘራ ሰው ነው የሚጠቃው። በአንድ አካባቢ ያለ ማሳ በአንድ ሰሞን ቢዘራ ይቀንሳል።

ከዚህ ደንብ የሚያፈነግጥ አንድ ላስታውሳችሁ፤ ነቀዝ። ጥንዚዛ ነው፣ ልጁ ግን እግር የለውም። በእህሉ ፍሬ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ስለሚያድግ የሚሄድበት ቦታ የለም።

ቆራጭ ትል በመስከረም ሽምብራና ምስር ስትዘሩ የሚያስቸግር ነው። ጠዋት ቡቃያው ከመሬት ላይ ተቆርጦ ወድቆ ታገኛላችሁ፣ ትሉ ግን የለም። ሌሊት ነው የሚሠራው። የተቆረጠውን ቡቃያ ሥር በእጃችሁ ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። በእኩለ ቀን ቅጠል ላይ የተረጨ መድኃኒት አፈር ውስጥ የተኛውን አይገድለውም። ርጭት ካስፈለገ ሲመሽ ነው፣ ከሥር ነው።

አገዳ ቆርቁር ደግሞ አንዴ አገዳው ውስጥ ከገባ መድኃኒት አይደርስበትም። ደጋና ወይና ደጋ ላይ ያለው ዓይነት በጋውን በደረቅ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይነቃል። የቆመ አገዳ፣ ለአጥር የታጠረ አገዳ፣ የተከመረ አገዳ የሚቀጥለው ዓመት ዘሩ ነው። አገዳ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ፤ አቃጥሉት አልልም። ከቆረጣችሁ በኋላ ግን ሳትከምሩ ለአራት ሳምንት ያህል መሬት ላይ በስሱ ዘርግታችሁ ፀሐይ አስመቱት። ውስጡ ያለው ትል በሙቀቱ ይሞታል፤ አገዳውም አይባክንም።

ሁለቱ ተምቾች

በዚህ ርዕስ ላይ ትንሽ ልቆይ። በክልላችን የበቆሎ አካባቢዎች ከፍተኛ ስህተት የሚፈጠረው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ ትሎችን በአንድ ስም «ተምች» ብለን እንጠራለን።

የጥንቱ ተምች፣ አባቶቻችን የሚያውቁት፣ የአፍሪካ ተምች ነው። የእሳት እራቱ ከደቡብ፣ ከኬንያና ከታንዛኒያ በኩል፣ በነፋስ ተጭኖ ከዝናብ ጋር ይመጣል። ትሉ ሲበዛ ጀርባው ጥቁር፣ ጎኑ ላይ ብጫ መስመር ያለው ይሆናል፤ እንደ ሠራዊት አንድ ላይ ይጓዛል። ከሣር ወገን ያለውን ሁሉ ይበላል፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ የግጦሽ ሣር። ባቄላና ሽምብራ አይነካም። በእግሩ ስለሚጓዝ በማሳ ዳር ቦይ ቆፍሮ ማስቆም ይቻላል። በልቶ ይሄዳል፤ ዓመት ሙሉ አይቀመጥም።

መጤው ተምች ግን አሜሪካ የተገኘ ነው። በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነው፤ ከዚያ በዚያው ዓመት አብዛኞቹን የበቆሎ አካባቢዎች አዳረሰ። የእሳት እራቱ በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላልና አያስገርምም። እንቁላሏን በአንድ ቦታ ከ100 እስከ 200 እየከመረች ትጥላለች፤ ከሰውነቷ በረገፈ ፀጉር መሰል ነገርም ትሸፍነዋለች። ትሉ በበቆሎው መሃል ተጠቅልሎ በሚወጣው ለጋ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ በላዩ ይከምራል። ሠራዊት ሆኖ ካልተጓዘ ቦይ ምን ያደርጋል? «ተምች ነው፣ ይሄዳል» ብለው የጠበቁ ሰዎች በቆሏቸው መሃሉ አልቆ አገኙት። ይህ አይሄድም። ከ80 በላይ የተክል ዓይነት ስለሚበላና በጋውን በመስኖ በቆሎ ላይ ስለሚራባ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ነው።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ግንባሩን እዩ፤ የተገለበጠ የፈረንጅ ዋይ ፊደል የመሰለ ነጣ ያለ ምልክት አለው። ባላ እንጨት ጫፉን ወደ ታች ገልብጣችሁ ብታቆሙት ያን ይመስላል። በግንባሩ ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ሌሎች ትሎችም ደብዘዝ ያለ ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። ጅራቱ አጠገብ፣ ከመጨረሻው አንድ ቀድሞ ባለው የሰውነቱ ክፍል ላይ፣ አራት ጥቁር ነጥቦች እንደ አራት ማዕዘን ተደርድረው ካያችሁ መጤው ተምች ነው። ሁለቱም ምልክት አንድ ላይ ሲገኝ ጥርጥር የለውም።

ትሉ ስድስት ጊዜ ያህል ዕድሜ እየቀየረ ያድጋል። የሚበላውን አብዛኛውን የሚበላው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዕድሜዎች ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ በለጋው ቅጠል ጥልቅ ውስጥ ስለሆነ መድኃኒት አይደርሰውም። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ትልቁ ትል አይደለም፤ ቅጠሉ ላይ ስስ መስታወት የመሰለ የተፋቀ ቦታ ነው። ያ ትንሹ ትል ሥራ መጀመሩን ይነግራል።

አሰሳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደረግ። ማሳውን በመጠማዘዝ እየተጓዛችሁ አምስት ቦታ ቁሙ፤ በየቦታው 20 ተክል እዩ፤ በድምሩ 100 ይሆናል። በቆሎው ገና ለጋ ሳለ ከ100ው 20 ያህሉ አዲስ ጉዳት ካለበት እርምጃ ይወሰዳል። ከፍ ካለ በኋላ ተክሉ ስለሚችል እስከ 40 መታገስ ይቻላል። አበባና ፀጉር ካወጣ በኋላ በእናንተ ማሳ ስፋት ርጭት ወጪውን አይመልስም፤ ለረጪውም አደጋ ነው፤ ከራስ በላይ የሆነ ሰብል ውስጥ ገብቶ መርጨት መርዙን በፊት መታጠብ ነው።

ማሳቸው ጥማድ ወይም ሁለት ጥማድ ለሆነ ቤተሰብ የእጅ ለቀማን የመሰለ የለም። እንቁላሉን በጣት መጨፍለቅ፣ ትሉን ለቅሞ መግደል። አንድ የተጨፈለቀ የእንቁላል ክምር ከመቶ በላይ ትል ነው። የግድ ርጭት ካስፈለገ በጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ትሉ ወደ ላይ ብቅ ሲል፣ አፍንጫው ወደ ለጋው ቅጠል መሃል ተነጣጥሮ ይሁን። የትኛው ኬሚካል እንደሆነ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው ጋር ተነጋግራችሁ፣ ለዚያ ተባይ መመዝገቡን አይታችሁ ግዙ።

ጎተራ ውስጥ

የጎተራው ተባይ በሁለት ይለያል፤ ነቀዝና የእህል ብል። ነቀዝ ረጅም አፍንጫ አለው። እናቲቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ካስቀመጠች በኋላ ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ስለዚህ ከውጭ ንጹሕ የመሰለው በቆሎ ውስጡ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከማሳ ነው አብሮ የሚገባው። የባቄላና የሽምብራው ግን አፍንጫ የለውም፣ ዘመዱ ሌላ ነው፤ እንቁላሉንም ከፍሬው ውጭ ይለጥፋል። ብሉ ደግሞ ጭድ የመሰለ ቀለም ያላት ትንሽ የእሳት እራት ናት፤ ከተፈለፈለ እህል ላይኛውን ንጣፍ ነው የምታጠቃው፣ ወደ ጥልቁ መግባት አትችልም።

ሁለቱንም የሚገድለው አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። ፒክስ የሚባለው ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፣ ውጭው ማዳበሪያ ጆንያ የሆነ ነው። እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ ውስጥ ያለው ተባይ አየር አጥቶ ይሞታል። ምንም ኬሚካል የለውም።

ይህን የምለው በክኒኑ ምክንያት ነው። ለእህል ማቆያ የሚሸጠው ክኒን ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ነቀዙን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። በእኛ አካባቢ እህሉ የሚቀመጠው ቤተሰቡ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ነው። ማታ ክኒን የተደረገበት ጆንያ አጠገብ ሕፃናት ማስተኛት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ክኒኑ ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይደረግ። እናቶች በዚህ ጉዳይ ባላችሁ «እምቢ» በሉ።

ወዳጆቻችንን አትግደሉ

ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጥንዚዛ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እሷም ልጇም ክሽክሽ በላተኞች ናቸው። ችግሩ ልጇ እናቷን አትመስልም፤ ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች፣ እንደ ትንሽ አዞ የምትራመድ ናት። ብዙ ሰው ተባይ መስላው ይጨፈልቃታል። ባቄላ ላይ እሷ በብዛት ካለችና ክሽክሹ ገና ጥቂት ከሆነ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ቀጭን ወገብ ያላቸው ትናንሽ ተርቦችም በትሉ ሰውነት ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ ትሉ ከነሕይወቱ ይበላል። ሸረሪትም በማሳ ውስጥ ወዳጅ ነው።

ንብ ያለው ጎረቤት ካላችሁ፣ ባቄላው፣ ኑጉና ሱፉ አበባ ላይ ሳለ አትርጩ። ከተቸገራችሁም ንቡ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን፣ ባለ ቀፎው አስቀድሞ ይነገረው። በአንድ ጠዋት ርጭት የአንድ ሰው የዓመት ማር ሲጠፋ ጎረቤት ከጎረቤት ተካስሶ ሽማግሌ ፊት የቆመበትን ጉዳይ አይቻለሁ።

ከምሳ በኋላ ወደ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ማሳ እንወጣለን። በአምስት በአምስት ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ቡድን ክዳን ያለው ብርጭቆ ወይም የውሃ ፕላስቲክ ይያዝ። አምስት ዓይነት ነፍሳት ሰብስባችሁ ትመጣላችሁ፤ ስንት እግር እንዳለው፣ ያኝክ እንደሆን ወይም ይመጥ እንደሆን፣ ከቅጠሉ በላይ፣ ከሥሩ ወይስ ከአፈር ውስጥ እንደተገኘ ትነግሩናላችሁ። ስሙን ባታውቁት ግድ የለም። ቢያንስ አንዱ ወዳጅ ነፍሳት ይሁን። ለማየት የምትፈልጉት ተባይ በየቀበሌያችሁ ካለ ደግሞ ሐሙስ ገበያ ስትመጡ በብርጭቆ ይዛችሁት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ፤ የበላውንም ቅጠል አብራችሁ አምጡ፣ ያለ ቅጠሉ ለመለየት ያስቸግራል።